ከሸቤ በላይ ያለው ዳገት

ባህሪያና ቲጃኒ ጅማ ለመሄድ ሲነሡ ይህ የመጀመሪያቸው አልነበረም። መጀመሪያ ኮሮና ገባና በረራው ተሰረዘ። ቀጥሎ መንገዱ ሰላም የለውም ተብሎ ዘመዶቻቸው ራሳቸው "ትንሽ ቆዩ" አሏቸው። ከዚያ የልጃቸው የሂንድ ኒካህ ደረሰ። ሁሉም ነገር የተስተካከለ በመሰለበት ዓመት ደግሞ፣ ስዊድን አገር ጎተንበርግ ከተማ ውስጥ ትራም የሚነዳው ቲጃኒ፣ አንድ ጠዋት መጨረሻው ፌርማታ ላይ አቁሞ ከወንበሩ ሊነሣ ሲል ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ስትሮክ ነበር።

ከሆስፒታል የወጣው በከዘራ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ ነው። ከእግሩ ይልቅ የከፋው ግን ንግግሩ ነበር። ሃያ ዓመት ገደማ የሠራበት ስዊድንኛ ጨርሶ ጠፋበት። ቀድሞ የተመለሰለት ኦሮምኛው፣ ቀጥሎም አማርኛው ነው፤ እሱም አንዳንድ ቃል እየለቀመ። ሐኪሞቹ የሚጠይቁት ነገር ሲኖር ባህሪያን ከሥራዋ ያስጠሯት ነበር። የምትሠራው ሕፃናት ማቆያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ሽርጧን እንዳደረገች ትመጣና ጆሮዋን ወደ አፉ ታስጠጋለች። አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነበር።

"ኦቦ።"

ኦቦ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ሙሐዲንን ነው። አባታቸው ሲሞት ቲጃኒ ገና የወተት ጥርሱን አልነቀለም ነበር፤ አሳድገው ለወግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። አሁንም የሚኖሩት በዚያው በአባታቸው ቤት፣ ከሸቤ በላይ ባለው የቡና ጫካ ውስጥ ነው።

"ኦቦን ማየት ትፈልጋለህ?" አለችው አንድ ቀን።

ራሱን ነቀነቀ።

"እንግዲያው ኢንሻአላህ እንሄዳለን።"

ሂንድ ይህን ስትሰማ እናቷ ቤት ድረስ መጣች። "እማዬ፣ እዚያ ምን ሕክምና አለ? መንገድ ላይ ቢደገምበትስ?"

"ሐኪሙ ፈቅዷል።"

"ሐኪሙ የፈቀደው አውሮፕላን መሳፈር ነው። ተራራ መውጣት አይደለም።"

"ተራራ መውጣት ማን አለሽ?" አለች ባህሪያ። ቤቱ የት እንዳለ ግን አሳምራ ታውቅ ነበር።

ጅማ የገቡት በኅዳር፣ ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ያረፉት ጊንጆ በሚባለው ሰፈር፣ የባህሪያ ታናሽ እህት ከድጃ ቤት ነበር። ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ ቤቱ ሰው አላጣም። ጎረቤት ይመጣል፣ የሩቅ ዘመድ ይመጣል፣ ድሮ ባህሪያ ሱቅ በነበራት ጊዜ ደጃፏ ይቆም የነበረ ሁሉ ይመጣል። ባህሪያ እንዲህ ያለውን ቀን ስንት ዓመት ስትመኘው ኖራለች። ሆኖም አንድ ነገር አላስደሰታትም። ሰዉ ቲጃኒን አቅፎ ይስመውና፣ ከዚያ ዞር ብሎ እሷን ይጠይቃታል። "ይበላል? እንቅልፍስ ይወስደዋል? ሰው ይለያል?" እሱ እዚያው ተቀምጦ እየሰማ። አንዳንዶቹም ያለቅሳሉ። ሲያለቅሱለት ቲጃኒ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ወልደሰማያት ብቻ ነው የተለየው። በጉርምስናቸው ከቲጃኒ ጋር ኳስ የተጫወተ፣ አሁን እዚያው ጊንጆ የእንጨት ሥራ ያለው አናጺ ነው። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ ገባ፤ ወንበር ስቦ ቲጃኒ ፊት ለፊት ተቀመጠና "እንዴት ነህ?" አለው። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። መልሱ ቶሎ አልመጣም። ከድጃ ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ወልደሰማያት በእጁ ከለከላት።

"ደህና" አለ ቲጃኒ በመጨረሻ።

"እኔ ደህና አይደለሁም። ወገቤን እያመመኝ ነው።"

ቲጃኒ ሳቀ። ባህሪያ ባሏ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ከሰማች ቆይታ ነበር።

በማግስቱ ሬድዋን ከሸቤ መጣ። ሬድዋን የኦቦ ሙሐዲን ልጅ ነው፤ አባቱን የሚጦረውም የቡናውን ሥራ የያዘውም እሱ ነው። አጎቱን ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመና፣ ሻይ ከቀረበለት በኋላ የመጣበትን ነገር በጥንቃቄ አወራ።

"አዴ ባህሪያ፣ መንገዱ እንደ ድሮው አይደለም። መኪናም ባጃጅም ከታች ይቆማል። ወንዙ ላይ የነበረውን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት የቀረው አንድ ግንድ ብቻ ነው። ዳገቱ ደግሞ ለሞተር አይሆንም።"

"በበቅሎስ?" አለች ከድጃ።

"ባንድ እጅ እንዴት ይይዛል?" አለ ሬድዋን። "በቀኝ በኩል ይወድቃል።"

"ታዲያ ኦቦን ወደዚህ ማምጣት አይቻልም?" አለች ባህሪያ።

ሬድዋን አንገቱን ደፋ። "እሳቸው ጆሯቸው ከብዷል፣ ጉልበታቸውም ሄዷል። አምና ሆስፒታል አምጥተናቸው ሲመለሱ 'ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የምወጣው ስሞት ነው' ብለው ማሉ። ብንለምናቸውም እምቢ አሉ። ስለዚህ ከመንደሩ ልጆች ጋር ተማክረናል። ወሲላን በቃሬዛ እናወጣዋለን። ሕመምተኛ ሁሉ በዚያ ነው የሚጓጓዘው፤ ነውር የለውም።"

ወሲላ ማለት በአገሩ ኦሮምኛ የአባት ወንድም ነው፤ አዴ ደግሞ እናት እንደ ማለት፣ የአክብሮት መጠሪያ። ቲጃኒ ቃሬዛ የሚለውን ሲሰማ ከዘራውን መሬት ላይ መታ።

"ላኪ" አለ። አይሆንም ማለቱ ነው። ሁሉም ዞረው አዩት። ከንፈሩ እየታገለ ነበር። "አባቴ… ከዚያ ቤት… በቃሬዛ ወጣ። እኔ… በቃሬዛ… አልገባም።"

ከስትሮኩ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም።

"ታዲያ በምን ትገባለህ?" አለችው ባህሪያ።

ግራ እጁን ጭኑ ላይ አሳረፈ። "ነን ዴማ።" እሄዳለሁ።

ነገሩ በዘመዶቹ መካከል ጭቅጭቅ አስነሣ። ከድጃ ይህ እብደት ነው አለች። ሂንድ በስልክ አለቀሰች። ባህሪያ ግን በየጠዋቱ ጎህ ሲቀድ ባሏን ይዛ በጊንጆ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ታስኬደው ጀመር። መጀመሪያ እስከ ወልደሰማያት ሱቅ፣ ቀጥሎ እስከ አስፋልቱ፣ ከዚያ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው ዳገት። ባጃጆች እየቆሙ "እናድርሳችሁ?" ይሏቸዋል። እሷ "ይብቃን፣ ተባረኩ" እያለች ታልፋለች። ለእንግዳ የሚታረደው በግ ሲታረድ፣ ለምሳ የሚጠሯቸው ሲጠሯቸው፣ ባለትዳሮቹ በላብ ተጠምቀው ከዳገት ይመለሱ ነበር።

ወልደሰማያት ይህንን በሱቁ በር ሲመለከት ሰነበተና አንድ ቀን ወንበር ይዞ መጣ። ከቀላል እንጨት የሠራው፣ ሁለት ጠንካራ ክንድ ያለው፣ ከኋላው የትከሻ ማንገቻ የታሰረለት ወንበር ነው።

"ሰውየውን ከምንሸከም ወንበሩን እንሸከማለን" አለ። "ደከመኝ ሲል እናስቀምጠዋለን። ክንዱን ተደግፎ ራሱ ይነሣል።"

"ማን ነው የሚሸከመው?" አለች ባህሪያ።

"እኔ ነኛ።"

"ወገብህን ያምሃል አላልክም?"

"እሱን የሚያስቅ ነገር ሳጣ ያልኩት ነው።"

የሄዱ ቀን ከሸቤ እስከ መንገዱ መጨረሻ በባጃጅ ደረሱ። ፀሐይ ገና አልጠነከረችም፤ ሌሊት ያለ ወቅቱ የዘነበው ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል። ሬድዋን ከፊት፣ ቲጃኒ ከኋላው፣ ባህሪያ ከጎኑ፣ ወልደሰማያት ወንበሩን አንግቦ መጨረሻ። ባህሪያ እጁን ልትይዝ ስትል ቲጃኒ ከዘራውን ወደ እሷ በኩል አዞረው። አትያዢኝ ማለቱ ነው። ገባትና ትንሽ ራቅ አለች። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር። ወራት ሙሉ ስታለብሰው፣ ስታጥበው፣ ጫማውን ስታስር የኖረች ሴት፣ እግሩ ሲንሸራተት እያየች እጇን መሰብሰብ ነበረባት።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሬድዋን ግንዱን አሳያቸው። ወፍራም ነው፤ የአገሩ ሰው ቡና ተሸክሞ ይራመድበታል። ቲጃኒ ቆሞ አየው፤ ከዚያ ከዘራውን ለባህሪያ ሰጣትና ግንዱ ላይ ቁጭ አለ። እግሮቹን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ በግራ እጁ እየገፋ በመቀመጫው መንፏቀቅ ጀመረ። ሬድዋን ከፊቱ የኋሊት እየተራመደ፣ ወልደሰማያት ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ከጎኑ እየሄደ። ከማዶ ቡና የሚለቅሙ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። አንዷ ፈገግታዋን በነጠላዋ ደበቀች። ቲጃኒ ሱሪው በጭቃና በግንዱ አረንጓዴ ሽበት ተለውሶ ማዶ ሲደርስ ለሴቶቹ እጁን አነሣላቸው። እነሱም አነሡለት።

ከዚያ ዳገቱ መጣ። ጥቂት ይሄዳል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ጥቂት ይሄዳል፣ ይቀመጣል። ወልደሰማያት አንድም ጊዜ "በርታ" አላለውም። ሲያርፉ ስለ ጣውላ መጥፋት ያወራል፤ ሲነሡ ዝም ይላል።

ጫካው ውስጥ፣ የትልቅ ዋንዛ ሥር መንገዱን ያቋረጠበት ቦታ ላይ፣ ቲጃኒ በቀኝ እግሩ ሥሩን መታና ወደቀ። በግንባሩ ነው የወደቀው። ባህሪያ ስትደርስ ከቅንድቡ በላይ ተሰንጥቆ ደም ፊቱን ሸፍኖት ነበር። የሚወስደው መድኃኒት ደም የሚያቀጥን ስለሆነ ቶሎ አይቆምም። ሻሿን ፈትታ ቁስሉ ላይ ተጭና ያዘችው።

በዚህ መካከል ከበስተኋላቸው፣ ከቡናው ዛፎች መሀል ጎረምሶች ብቅ አሉ። ቃሬዛ ይዘዋል። ባህሪያ ሬድዋንን አየችው።

"አንተ ነህ?"

"አዎ፣ አዴ" አለ ሬድዋን። "በሩቁ እንዲከተሉን ነግሬያቸው ነው። አንድ ነገር ቢሆን አባቴ ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ? በቃ፣ ይብቃ። ወደ ጤና ጣቢያ እናውርደው።"

ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው ግን አልመጣላትም። እውነቱን ለመናገር ቃሬዛውን ስታይ ልቧ አርፎ ነበር። አሁን እሺ ብትል ማንም አይወቅሳትም። ሂንድም ትረጋጋለች፣ ከድጃም "ነግሬሽ ነበር" ብላ ታልፈዋለች። ሻሹን እንደያዘች ቆየች። ደሙ እየቀነሰ፣ ቀስ እያለ፣ ቆመ። ቁስሉ እንደፈራችው ጥልቅ አልነበረም። ዓይኑን አየችው፤ ሁለቱም እኩል ያያሉ። ግራ እጇን እንዲጨብጥ ሰጠችው፤ ጨበጠ። እጆቹን ከፍ አድርግ አለችው፤ ሁልጊዜ የሚያነሣውን ያህል አነሣ። ሐኪሙ ያስተማራትን ሁሉ ካየች በኋላ ጎንበስ አለች።

"ቲጃኒ፣ ስማኝ። እውነቱን ንገረኝ። እኔን አትይ። እንመለስ ወይስ እንሂድ?"

ጭቃውን ከአፉ ተፋ። "ነን ዴማ።"

ባህሪያ ቀና ብላ ጎረምሶቹን አየቻቸው። "የኛ ልጆች፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ደክማችኋል። ቃሬዛውን ይዛችሁ ተመለሱ። ወልደሰማያት፣ ወንበሩን አምጣው።"

"አዴ ባህሪያ…" አለ ሬድዋን።

"ሰምተኸዋል። እኔም ሰምቼዋለሁ።"

ኦቦ ሙሐዲን ከጠዋት ጀምሮ የአጥሩ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። የዒድ ኮታቸውን ለብሰዋል። ወንድማቸው በከዘራ፣ ራሱ በሴት ሻሽ ታስሮ፣ ከጫካው ሲወጣ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩት። አልተነሡም፤ ጉልበታቸው አያስነሣቸውም። ቲጃኒ አጠገባቸው ደርሶ ቆመ። ሊናገር ፈለገ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም።

"ምነው ዘገየህ?" አሉ ኦቦ ሙሐዲን።

ቲጃኒ ጉልበታቸው ሥር ተቀመጠና ራሱን ጭናቸው ላይ አደረገ። እሳቸው እጃቸውን ጀርባው ላይ አኖሩ። ባህሪያ ሁለቱንም እዚያው ትታ ወደ ውስጥ ገባች። ፊቷን ስትታጠብ ነው እንዳለቀሰች ያወቀችው።

በኋላ ምሳ ቀርቦ ሲበሉ ቲጃኒ ማውራት ጀመረ። አንድ ቃል ይላል፣ ያርፋል፣ ሌላ ይፈልጋል። ኦቦ ሙሐዲን እጃቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ያዳምጣሉ። ሬድዋን ከጎናቸው ሆኖ ጮክ ብሎ ሊደግምላቸው ሲል "ተወው፣ እየሰማሁት ነው" አሉት። ከዚያ ስለ ዘንድሮው ቡና መለሱለት። ቲጃኒ ያወራው ስለ ቡና አልነበረም፤ ነገር ግን ራሱን ነቀነቀና ስለ ቡናው ጠየቃቸው። አንዱ መናገር ያቃተው፣ ሌላው መስማት የተሳነው፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲያ ሲጨዋወቱ ዋሉ።

ወልደሰማያት በዚያው ዕለት ወረደ፤ ወንበሩን ግን እዚያው ተወው። ባህሪያ ጥቂት ቀን ቆይታ ቲጃኒን ለሬድዋንና ለሚስቱ አደራ ሰጥታ፣ ከከድጃ ጋር ሰኮሩ ሄደች። ሰኮሩ የተወለዱባት ናት፤ አባታቸው መንገድ ዳር ሱቅ ነበራቸው። አሁን ሱቁ ሌላ ሰው ይዞታል። እህትማማቾቹ የእናታቸውን ጎረቤቶች ጠየቁ፣ መቃብር ላይ ዱዓ አደረጉ፣ ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር አውቶቡስ የሚቆምበት ምግብ ቤት ገብተው በሉ። ባህሪያ ያን ቀን ጥሩ ተኛች። ከድጃ ስትቀሰቅሳት ፀሐዩ መስኮቱ ላይ ነበር።

ወደ ሸቤ ስትመለስ ቲጃኒን ያገኘችው ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ፣ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የተበላሸውን እሸት በግራ እጁ እየለቀመ ሲጥል ነው። ፊቱ በፀሐይ ጠቁሯል። ኦቦ ሙሐዲን ከጎኑ ሆነው "ያኛውን ረሳኸው" እያሉ በምርኩዛቸው ያሳዩታል። ባህሪያ አረፍ እንዳለች ሬድዋን ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አዴ፣ ወሲላ አንድ ነገር አስቧል።"

"እኔ… ልንገራት" አለ ቲጃኒ። ጠበቁት። "እዚህ… እቆያለሁ። እስከ… መጋቢት።"

የባህሪያ የዕረፍት ፈቃድ እያለቀ ነበር፤ ሥራዋም ይጠብቃታል።

"ይህን የወሰናችሁት እኔ ሳልኖር ነው?" አለች።

"እኔ… ነኝ። እነሱ… አይደሉም። እኔ።"

"እኔስ?"

ቃሉን ሲፈልግ ቆየ። "አንቺ… ደክሞሻል። እረፊ።"

ተነሥታ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ቅር ብሏታል። ያን ሁሉ ዓመት ትኬት ስትቆርጥ፣ ስትሰርዝ፣ እንደገና ስትቆርጥ የኖረችው አብሮ ለመሄድና አብሮ ለመመለስ ነበር። ማን ነው መድኃኒቱን የሚሰጠው? ካልሲውን ማን ያስገባለታል? ይህንን እያሰበች ወደ ታች ስታይ ካልሲ ማድረጉን እንደተወ ትዝ አላት። ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የተቀመጠው፤ ራሱ አጥልቆት። ሰኮሩ ላይ እንዴት እንደተኛችም አሰበች። ደክሟታል ያለው ውሸት አልነበረም። እስካሁን ይህን አይቶ የነገራት ሰው ግን የለም፤ ያየውም እሱ ነው፣ የነገራትም እሱ ነው።

ተመልሳ መጣችና ፊታቸው ቆመች።

"እሺ። ግን ስሙኝ። በየሳምንቱ ሸቤ ጤና ጣቢያ ደም ግፊቱ ይለካ። መድኃኒቱ አንድ ቀን እንዳይዘለል፤ ሬድዋን፣ ይህ ባንተ ላይ ነው። ወንዙን ብቻውን እንዳይሻገር። ወጡ ጨው አይብዛበት። መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ድረስ አንተ ራስህ ታመጣዋለህ።"

"በአላህ ስም፣ እሺ አዴ።"

"ምን አለች?" አሉ ኦቦ ሙሐዲን።

ሬድዋን ጆሯቸው ሥር ጮክ ብሎ አንድ በአንድ ነገራቸው።

"ጨው የሌለውን እሱ ይብላ" አሉ። "የኔን እንዳትነኩት።"

ባህሪያ በሄደችበት ጠዋት ቲጃኒ እስከ አጥሩ በር ሸኛት። ቁስሉ ድኖ ቅንድቡ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቷል። ባህሪያ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት።

"አንተ ነህ የምትደውለው። እኔ አልደውልም። ማውራት ተለማመድ።"

"እ… ደውላለሁ።"

"ሂንድ ትጮህብኛለች።"

"ለእሷም… እደውላለሁ።"

ግንባሩን ሳመችውና ቁልቁል ወረደች። ግንዱን ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ተሻገረች። መንገዱ መጨረሻ ላይ ያ የመጡ ቀን ያደረሳቸው የባጃጅ ሹፌር ቆሞ ይጠብቃል። ሻንጣዋን ተቀብሎ ካስገባ በኋላ ወደ ጫካው አየ።

"ሰውዬው ቀሩ እንዴ?" አላት።

"ቀረ። ቡና ይለቅማል።"

"በዚያ እጃቸው?"

"ግራው ደህና ነው" አለች ባህሪያና ገብታ ተቀመጠች። "እንሂድ።"